ድርጅቱን ስትገዙ የብቃት ማረጋገጫው አብሮ ይሸጣል?

ደብረ ብርሃንና ዙሪያዋ የኤሌክትሪክ ሥራ ሞልቷል። በጠባሴ በኩል ፎቅ ይነሳል። ኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ፣ የቢራና የብርድ ልብስ ፋብሪካዎቹ አሉ። እንሳሮ ላይ በመስከረም 2017 የለሚ ሲሚንቶ ፋብሪካ ተመርቋል። አረርቲ፣ ሸዋ ሮቢት፣ ዓለም ከተማ፣ መሐል ሜዳ፣ የትም ብትሄዱ ቤት የሚሠራ ሰው ሽቦ የሚዘረጋለት ባለሙያ ይፈልጋል።

ሥራውን ቀድመው የያዙት ሰዎች ደግሞ እየደከሙ ነው። ልጆቻቸው ሌላ መስመር ይዘዋል። ስለዚህ "ሱቁን ከነመሣሪያው፣ ከነመኪናው፣ ከነደንበኛው ጠቅልዬ ልሽጥ" የሚል ባለቤት ታገኛላችሁ። ከዜሮ ከመጀመር የቆመ ድርጅት መግዛት ይሻለኛል ብሎ ብር ያጠራቀመ ወጣት ኤሌክትሪሺያንም አለ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ቦታ ላይ ነው። ግድግዳ ላይ በፍሬም የተሰቀለውን የብቃት ማረጋገጫ አብሮ የገዛ ይመስለዋል።

አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ድርጅቱ በግለሰብ ስም ከሆነ ወረቀቱ አይተላለፍም። ድርጅቱ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሆኖ እናንተ የማኅበሩን ድርሻ ከገዛችሁ ወረቀቱ በማኅበሩ ስም ይቆያል። የሚቆየውም ወረቀቱን ያስገኙት ባለሙያዎች እስካሉ ድረስ ነው።

የትኛው ወረቀት?

ሰው "ፈቃድ አለው" ሲል የተለያዩ ወረቀቶችን ይቀላቅላል።

አንዱ ሲኦሲ ነው። በሙያ ምዘና ተፈትኖ ያለፈ ሰው የሚይዘው ነው። የሰውየው የግሉ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ፖሊ ቴክኒክ ወጥቶ ምዘናውን ያለፈ ልጅ የትም ቢቀጠር ይዞት ይሄዳል። ማንም አይገዛውም፣ ማንም አይወርሰውም። ሲኦሲ ያለው ሰው ሥራውን ያውቃል ማለት ነው። ተቋራጭ ነው ማለት ግን አይደለም።

ሌላው የተቋራጭነት የብቃት ማረጋገጫ ነው። የዛሬው ጉዳያችን ይኸኛው ነው። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የኤሌክትሪክ ሥራ ተቋራጮችን ብቃት የማረጋገጥ ሥልጣን ለኢነርጂ ባለሥልጣን ሰጥቷል። መሥሪያ ቤቱ ኋላ ላይ ከነዳጁ ጋር ተጣምሮ ዛሬ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ይባላል። በግንባታ ጨረታ የሚወዳደሩ የኤሌክትሮ መካኒካል ተቋራጮች ደግሞ በኮንስትራክሽን ዘርፉ በኩል በደረጃ ይመዘገባሉ። የምትገዙት ድርጅት የትኛውን እንደያዘ፣ ወይም ሁለቱንም እንደያዘ፣ ዋናውን ወረቀት አስወጥታችሁ በዓይናችሁ እዩ። ፎቶ ኮፒ አይበቃም። ደረጃውንም እዩ፤ የምትወስዱት ሥራ መጠን በእሱ ይወሰናል።

ከዚያ የንግድ ምዝገባና የንግድ ሥራ ፈቃድ አሉ። እነዚህን የሚመራው አዋጅ ቁጥር 980/2008 ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ መጀመሪያ ብቃት፣ ቀጥሎ ንግድ ፈቃድ ነው ቅደም ተከተሉ። ብቃቱ ከወደቀ ፈቃዱም ብቻውን አይቆምም።

አንድ ብር ሳታወጡ የምታደርጉት ቀላል ነገር አለ። የሻጩን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ተቀበሉና በኢ-ትሬድ ድረ ገጽ ላይ ፈልጉት። ፈቃዱ በማን ስም እንደሆነ፣ ለየትኛው ሥራ እንደተሰጠ፣ መታደስ አለመታደሱን ታያላችሁ። አንዳንዴ በሰፈሩ ሁሉ "የኤሌክትሪክ ሥራ ድርጅት" የሚባለው ቤት ፈቃዱ ሲታይ የኤሌክትሪክ ዕቃ ችርቻሮ ብቻ ይሆናል። ያ ሱቅ ነው። እንደ ሱቅ ዋጋ ስጡት።

በግለሰብ ስም ሲሆን

መኪና ስትገዙ የሻጩ መንጃ ፈቃድ አብሮ አይመጣላችሁም። እዚህም እንደዚያው ነው።

የንግድ ሕጉ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ የንግድ መደብር እንዲሸጥ ይፈቅዳል። የንግድ ስሙ፣ መሣሪያው፣ በመጋዘን ያለው ዕቃ፣ የኪራይ መብቱ፣ የደንበኛው እምነት፣ እነዚህ ሁሉ ዋጋ ወጥቶላቸው ይሸጣሉ። ብቃቱ ግን የተሰጠው ለሰውየው ነው። ንግድ ፈቃድንም ለሌላ ሰው መገልገያ አሳልፎ መስጠትና ማከራየት ክልክል ነው። ስለዚህ ገዢው በራሱ ስም እንደ አዲስ ያመለክታል።

ይህ የሚያስፈራ ነገር አይደለም። እንዲያውም ከባዶ ከሚነሳ አመልካች እጅግ ትሻላላችሁ። መሣሪያ አላችሁ፣ ሠራተኛ አላችሁ፣ ቦታ አላችሁ። ዋናው ነገር እነዚህን በወረቀት ማሳየት መቻላችሁ ነው። "መሣሪያ በሙሉ" የሚል የሽያጭ ውል ለአመልካች አይረባውም። ሜገሩ (የሽቦ ልባስ መፈተሻው)፣ የኧርዝ (ከመሬት ጋር የሚያገናኘው መከላከያ) መለኪያው፣ ክላምፕ ሜትሩ፣ የመብሻ ማሽኑ፣ መሰላሉ፣ እያንዳንዱ ከነሞዴሉና ከነመለያ ቁጥሩ ይዘርዘር። የመኪናው ሊብሬ ወደ ስማችሁ ይዙር። ሻጩ የተገዙበት ደረሰኝ ካላቸው ተቀበሉና አስቀምጡት።

አብሮ የማይመጣ ሌላ ትልቅ ነገር አለ። የሥራ ልምድ ነው። የመንግሥት ጨረታ ሰነድ ባለፉት ዓመታት ተመሳሳይ ሥራ ሠርታችሁ እንደሆነ፣ ዓመታዊ ገቢያችሁ ስንት እንደነበረ ይጠይቃል። ሻጩ በስማቸው የሠሩት ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ የእሳቸው ልምድ ሆኖ ይቀራል። ሥራችሁ በአብዛኛው የግለሰብ መኖሪያ ቤት ከሆነ ይህ ብዙም አይጎዳችሁም። በጨረታ ልትኖሩ ካሰባችሁ ግን ከዋጋው ላይ ደህና አድርጋችሁ ቀንሱ። ለማትወርሱት ስም ሙሉ ዋጋ አይከፈልም።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ሻጩ ባለትዳር ከሆኑ የባለቤታቸው ፊርማ ያስፈልጋል። ሱቁ የቀበሌ ቤት ከሆነ ሻጩ ሊያስተላልፉላችሁ አይችሉም፤ የግል ኪራይ ከሆነም ከአከራዩ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። የመደብር ሽያጭ በማስታወቂያ እንዲወጣ የሚደረገው ደግሞ ለወጉ አይደለም። ከሻጩ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካለ ብሩ እጃቸው ከመግባቱ በፊት ይምጣ ነው ነገሩ። ማስታወቂያውን ዘለላችሁ ማለት የሰው ዕዳ ጎትታችሁ ቤታችሁ አስገባችሁ ማለት ነው።

"ውክልና ልስጥህ"

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። ሰው ቤት የሚፈርሰው በዚህ መንገድ ነው።

ሻጩ ደግ ሰው ናቸው። ገዢው እንደ ልጃቸው ነው፤ ምናልባትም በእጃቸው ተምሮ ያደገ ነው። "ይሄ ቢሮ መመላለስ ምን ያደርግልሃል፣ ውክልና ልስጥህና በእኔ ስም ሥራ" ይሉታል። እሱም "ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ ይቀበላል። ሰነድ ማረጋገጫ ሄደው ይፈራረማሉ። ብሩ ይከፈላል። በማግሥቱ ሥራ ይጀመራል። ለጊዜው ሁሉም ሰላም ነው።

አሁን የሆነውን እዩት። ገዢው ብሩን ከፍሏል። ፈቃዱ፣ ብቃቱ፣ የግብር ቁጥሩ፣ የባንክ ሒሳቡ ግን በሻጩ ስም ናቸው። ደንበኛ የሚከፍለው ቼክ በሻጩ ስም ይጻፋል። ገቢዎች የሚያየው የሻጩን ገቢ ነው። ገዢው በሚቀጥሉት ዓመታት ቢያተርፍ ግብሩ የሚጠየቀው በእሳቸው ነው። አንድ ቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ ሰው ቢይዝ ወይም እሳት ቢነሳ መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ሥራውን በዓይናቸው ሳያዩ።

ከዚህ የሚከፋው ሌላ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ውክልና በወካዩ ሞት ይቋረጣል። ሻጩ ያረፉ ዕለት የገዢው ሥልጣን አበቃ። በባንክ ያለው ገንዘብ የውርስ ንብረት ሆኖ ይታገዳል። ወራሾች ይመጣሉ። ከእነሱ መካከል ስለ ሽያጩ የማያውቅ ይኖራል፤ የሚያውቅም ሆኖ "ውክልና እንጂ ሽያጭ አላየንም" የሚል ይኖራል። ለዓመታት የለፋበት ድርጅት ለቅሶ ቤት ውስጥ ክርክር ይሆናል። ሁለት የሚዋደዱ ቤተሰቦች ፍርድ ቤት ይቆማሉ።

ያለ ራስ ፈቃድ መነገድም በሕግ እስርና የገንዘብ ቅጣት አለው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከቅጣቱ ይልቅ ይህ መንገድ ሁለቱንም ወገን ሳያጠፉ የሚጎዳ መሆኑ ነው። ሻጩን የምትወዱ ከሆነ በስማቸው አትሥሩ።

የብቃት ማመልከቻው እስኪያልቅ ሥራው እንዳይቆም ከፈለጋችሁ ቀጥተኛ መንገድ አለ። ሻጩ ድርጅቱን በራሳቸው ስም፣ በራሳቸው ኃላፊነት ማንቀሳቀሱን ይቀጥሉ። እናንተ በደመወዝ ተቀጥራችሁ ሥሩ። ርክክቡ ማረጋገጫው በስማችሁ በወጣ ቀን ይሁን። የተጀመሩ ሥራዎችን እሳቸው ይጨርሱ፤ አዲሱን እናንተ ተዋዋሉ።

ማኅበር ሲሆን

ድርጅቱ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። ማኅበሩ በሕግ ፊት እንደ ሰው ነው። ባለቤቶቹ ቢቀየሩም እሱ ያው ነው። ብቃቱ የእሱ ነው፣ የጨረታ ልምዱ የእሱ ነው፣ ውሎቹ የእሱ ናቸው። የምትገዙት ድርሻ ነው። ለጨረታ ሥራ ይህ መንገድ በጣም ይመረጣል።

ሥርዓቱ ይህን ይመስላል። ድርሻ ከማኅበሩ ውጭ ለሆነ ሰው ሲሸጥ የሌሎቹ አባላት ስምምነት ያስፈልጋል፤ መመሥረቻ ጽሑፉን አንብቡት። ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ይረጋገጣል፣ ለውጡ በንግድ መዝገብ ይገባል። ሥራ አስኪያጁ ከተቀየረ እሱም ይመዘገባል። ብቃቱን የሰጠው መሥሪያ ቤትም የአመራርና የባለሙያ ለውጡን እንዲያውቅ ይደረጋል። ሁሉንም ድርሻ ብቻችሁን ከገዛችሁ የ2013ቱ ሕግ ለባለ አንድ አባል ማኅበር በር ከፍቷል፤ መዝገቡ ግን በዚያው መልክ መስተካከል አለበት።

ችግሩ ማኅበሩ ዕዳውንም ይዞ መምጣቱ ነው። ግብር ሰብሳቢው የታክስ ውሳኔን እስከ 5 ዓመት ወደኋላ ተመልሶ ሊያሻሽል ይችላል፤ ማጭበርበር ከተገኘ የጊዜ ገደብ የለውም። እናንተ ያልነበራችሁበት ዓመት ሒሳብ በእናንተ ዘመን ይመጣል። ሻጩ የሚያሳዩአችሁ የግብር ክሊራንስ የተጠየቀው መከፈሉን ይናገራል፤ ወደፊት የሚጠየቀውን አይናገርም። ስለዚህ የ5 ዓመቱን የሒሳብ መዝገብ የራሳችሁ ሒሳብ አዋቂ ይየው። የሻጩ ሒሳብ አዋቂ አይደለም፤ የራሳችሁ።

የጡረታ መዋጮውንም ፈትሹ። አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ነው የሚያዋጡት። ከደመወዝ ተቆርጦ ገቢ ያልተደረገ መዋጮ በየወሩ ቅጣት እየጠራ የሚጠራቀም ዕዳ ነው። መኪናው፣ ጄኔሬተሩ ወይም የሚሰበሰበው ሒሳብ ለብድር ተይዞ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 የተቋቋመው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መዝገብ አለ። እዚያ ማስፈተሽ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። መኪናው በር ላይ ስለቆመ ብቻ ነጻ ነው አትበሉ።

ፋይሉ ላይ ያለው ባለሙያ

በሁለቱም መንገድ ብትሄዱ የምትደርሱት እዚሁ ነው። የብቃት ማረጋገጫ የሚሰጠው በሰው ነው። መሐንዲሱ፣ ቴክኒሺያኑ፣ የሥራ ኃላፊው፣ ስማቸውና የትምህርት ማስረጃቸው በፋይሉ ውስጥ አለ። ደረጃውን ያስገኙት እነሱ ናቸው። እነሱ ከሌሉ በእድሳት ጊዜ ደረጃው ይወርዳል ወይም ማረጋገጫው ይቀራል።

በዘርፉ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ስሙ ፋይሉ ላይ ያለ ባለሙያ ድርጅቱን ረግጦት አያውቅም። ወረቀቱን አከራይቷል። በየዓመቱ ትንሽ ብር ይቀበላል፣ ፊርማውን ይሰጣል፣ ሥራውን አያየውም። እንዲህ ያለ ድርጅት ስትገዙ የምትገዙት ባዶ ፍሬም ነው። ሰውየው ነገ ሌላ ጋር ደህና ዋጋ ካገኘ ይሄዳል። ከዚያ በላይ ደግሞ ማንም ባለሙያ ሳያየው የተዘረጋ ሽቦ በሰው ቤት ግድግዳ ውስጥ ተቀብሯል።

ለማወቅ ቀላል ነው። የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩንና የጡረታ መዋጮ ዝርዝሩን ከብቃት ፋይሉ ጋር አስተያዩ። ፋይሉ ላይ ያለው ስም ደመወዝ ላይ ከሌለ ሰውየው ሠራተኛ አይደለም። ካለም አግኙት። ሥራ ቦታ ላይ አግኙት፤ እየሠራ እዩት፤ የሚቆይ መሆኑን ጠይቁት።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የድርጅት ባለቤት መቀየር የሠራተኛውን ውል አይለውጠውም ይላል። ሠራተኞቹ ከነአገልግሎት ዘመናቸው ወደ እናንተ ይመጣሉ። የሥራ ስንብት ክፍያ የሚገባው ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ ያህል ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚህ አንድ ሦስተኛ ይጨመርለታል፤ ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ ነው። 12 ዓመት የቆየ ሠራተኛ ላይ ይህ ከ4 ወር ተኩል ደመወዝ ያልፋል። ይህን ዋጋ ስትደራደሩ አስቡት። ሠራተኛው በበኩሉ በ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። ደረጃውን የያዘው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ በሚሊዮን የገዛችሁት ድርጅት በአንድ ሰው የ30 ቀን ደብዳቤ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ከሰውየው ጋር ተነጋገሩ። ደመወዙን አስተካክሉ። ከተቻለ ትንሽ ድርሻ ስጡት። ሁለተኛ ባለሙያም ቅጠሩ።

ዋናው ባለሙያ ሻጩ ራሳቸው ሲሆኑ ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ያሻል። እሳቸው ሲወጡ ብቃቱ አብሯቸው ይወጣል። ተተኪው ባለሙያ እሳቸው ሳይለቁ ፋይሉ ውስጥ መግባት አለበት።

ባለሙያው ለምን እንዲህ እንደሚያስጨንቀኝ የአገራችን መልክዓ ምድር ያስረዳልኛል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ብዙው ብሬከርና ኮንታክተር (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) የሚመረተው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ድረስ እንዲሠራ ተደርጎ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ዕቃው ሙቀቱን ቶሎ አያስወጣም፤ አየሩም ብልጭታን የመከላከል አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ ዕቃው ላይ የተጻፈው አምፔር እዚህ እንዳለ አይወሰድም፤ ተቀንሶ ይቆጠራል። ለትራንስፎርመር ደግሞ መነሻው 1,000 ሜትር ነው። ከጣርማበር ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ይወርዳል። እዚያ ጠላቱ ሙቀቱ ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚያልፍ ኬብል ወፈር ብሎ ካልተመረጠ ይግላል፣ ልባሱ ይደርቃል። እነዋሪ ሂዱ፤ መሬቱ ዋልካ ነው። በክረምት ውኃ ስለሚይዝ ኧርዙ ጥሩ ይለካል። በበጋ ሲደርቅና ሲሰነጣጠቅ መሬቱ ከተቀበረው የኧርዝ ዘንግ ይላቀቃል፣ ልኬቱ ይበላሻል። በነሐሴ ለክቶ ፈርሞ የሄደ ሰው በግንቦት እዚያ ቤት ልብስ ማጠቢያ የነካች እናት ምን እንደሚያገኛት አያውቅም።

በአንድ ዞን ውስጥ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሠራተኛ ድርጅቱ ካለው ንብረት ሁሉ ይበልጣል። ለእሱ ክፈሉ።

በእጅ ያለ ሥራ

ሻጩ "የዚህን ያህል ሚሊዮን ሥራ በእጄ አለ" ሲሉ አትደሰቱ። ውሎቹን አንድ በአንድ ጠይቁ።

መጀመሪያ የሚታየው ዋጋው ነው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ኬብሉ፣ ብሬከሩ፣ ፓኔሉ አብዛኛው ከውጭ ነው የሚገባው ወይም ጥሬ ዕቃው ከውጭ ነው። ከዚያ በፊት በቁርጥ ዋጋ ተፈርሞ እስካሁን ያላለቀ ሥራ ካለ፣ የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ ከሌለው፣ ኪሳራ ነው የምትረከቡት። በሌላ በኩል በመጋዘን ተጠቅልሎ ያለ የመዳብ ኬብል በድሮ መዝገብ ዋጋ ቢቀመጥም ዛሬ የሚያወጣው ሌላ ነው። ሻጩም በዚህ መጎዳት የለባቸውም፤ በዛሬ ዋጋ ተቆጥሮ ይከፈላቸው።

ቀጥሎ ዋስትናዎቹን እዩ። የቅድሚያ ክፍያ ዋስትና፣ የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትና፣ በአሠሪው እጅ የቀረ የመያዣ ገንዘብ። የመያዣው ገንዘብ ሙሉ በሙሉ የሚለቀቀው በመጨረሻው ርክክብ ነው፤ ከዚያ በፊት ጉድለት ከተገኘ ይቆረጣል። ጉድለቱን የሠራው ሻጩ፣ የሚያርመው ገዢው እንዳይሆን በውሉ ይለይ። በግለሰብ ስም የተፈረመ ውል ደግሞ አሠሪው ሳይስማማ ወደ እናንተ አይዞርም። አሠሪው መሥሪያ ቤት ከሆነ ስምምነቱ በደብዳቤ ይምጣ።

መንገድ የሚዘጋበት ጊዜም አለ። ሥራው ያለበት ቦታ ለወራት ሳይደረስበት ቀርቶ ከሆነ የጊዜ ማራዘሚያ በጽሑፍ ተጠይቆ እንደሆነ አረጋግጡ። ካልተጠየቀ የመዘግየት ቅጣቱ እየቆጠረ ሊሆን ይችላል።

ቀብድ፣ ዋጋ፣ ውል

በእኛ ዘንድ ነገር የሚጸናው በቀብድ ነው። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ደላላው ይጨቃጨቃል፣ ቀብድ ይሰጣል፣ "ጨረስን" ይባላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ቀብድን ያውቀዋል። ቀብድ ሰጪው ከውሉ ከወጣ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ከወጣ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ብቃቱን፣ ግብሩንና ባለሙያውን ሳታጣሩ ቀብድ አትስጡ። የግድ ከሆነ "ማረጋገጫው በገዢው ስም ካልወጣ ቀብዱ ይመለሳል" የሚል ዓረፍተ ነገር ይጻፍበት። ሽማግሌዎቹም ይፈርሙበት።

ክፍያውን በአንዴ አታድርጉት። እንበል የተስማማችሁት በ3 ሚሊዮን ብር ነው። አንድ ሚሊዮኑ ንብረት ስትረከቡ ይከፈል። አንዱ ማረጋገጫው በስማችሁ ሲወጣ፣ ማኅበር ከሆነም በአዲሱ አመራርና ባለሙያ ሲታደስ ይከፈል። የቀረው የተጀመሩት ሥራዎች የመጨረሻ ርክክብ ሲያገኙና የግብር ጉዳይ ሲጠራ ይለቀቅ። ሻጩ ይህን ከልባቸው ከተቀበሉ ጥሩ ምልክት ነው። "ወይ ሙሉውን ወይ ተወው" ካሉ ምክንያቱን እወቁ።

በውሉ ላይ ዋጋ አሳንሶ መጻፍ የተለመደ ነው። ግብር ለመቀነስ ነው ይባላል። ነገሩ ተበላሽቶ ፍርድ ቤት ብትደርሱ የምትጠይቁት የተጻፈውን ነው። በ3 ሚሊዮን ገዝታችሁ 800 ሺህ ጽፋችሁ ከሆነ ልዩነቱ የለም ማለት ነው። የከፈላችሁትን ጻፉ፣ በባንክም ክፈሉ።

ሻጩ ሸጠው ማዶ ላይ ሌላ ሱቅ እንዳይከፍቱ ሕጉ ይገድባቸዋል። ቢሆንም ለስንት ጊዜ፣ እስከ የት ወረዳ ድረስ፣ በራሳቸውም በልጆቻቸውም ስም መሆኑን በግልጽ ጻፉት። በተቃራኒው ለጥቂት ወራት አማካሪ ሆነው እንዲቆዩ ደመወዝ መድቡላቸው። ደንበኛው ቤት አብረው ገብተው "ከእንግዲህ የእኔን ሥራ የያዘው እሱ ነው" ቢሉ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል።

ጊዜውንም ምረጡ። የግብር ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ንግድ ፈቃድ የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። ሒሳቡ ተዘግቶ፣ ግብሩ ተከፍሎ፣ ፈቃዱ በታደሰ ማግሥት መግዛት የሁለታችሁንም ሒሳብ ይለያል። በዓመቱ መሐል ከገዛችሁ የትኛው ወር የማን ገቢ እንደነበር ስትከራከሩ ትከርማላችሁ።

ከመፈረማችሁ በፊት ደግሞ ከሻጩ ጋር ሆናችሁ ማረጋገጫውን ወደ ሰጠው መሥሪያ ቤት ሂዱ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። እሳቸው ባለፋይል ስለሆኑ ይጠይቁላችሁ። ፋይሉ ውስጥ እነማን በባለሙያነት ተመዝግበዋል? ማረጋገጫው መቼ ያበቃል? ክስ ወይም ማስጠንቀቂያ አለበት? ባለቤቱ ቢቀየር ምን ሰነድ ትጠይቃላችሁ? መልሱን በጽሑፍ ከሰጧችሁ ከውሉ ጋር አያይዙት። በቃል ከሆነም የነገራችሁን ሠራተኛ የሥራ ክፍልና ቀኑን ጽፋችሁ ያዙ፤ ማመልከቻውን ይዛችሁ ስትመለሱ ከዚያው ትቀጥላላችሁ።